ከዝግባው በር ወዲህ

«እርጉዝ ናት» አለች ቶሚኤ፣ የወጥ ቤቱን ተንሸራታች በር ከኋላዋ እየዘጋች። «እርጉዝ ናት፣ ብቻዋን ናት፣ ሶሄይን ጥሩልኝ ነው የምትለው።»

ኪኑዮ ሩዝ እያጠበች ነበር። እጇ ነጩ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«መሞቱን አልነገሯትም፣ እትዬ?»

«ማን እንደሆነች ሳላውቅ ምን ብዬ ነው የምነግራት?» ቶሚኤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሳሎን ሻይ ይዘው የተቀመጡት ሁለት ለቀስተኞች ጆሯቸውን ወደ ወጥ ቤቱ እንደጣሉ ከዝምታቸው ያስታውቃል። «ልጅ እግር ናት። መልኳም ደህና ነው። ‹ስትመጪ እኔ ራሴ አወጣሻለሁ ብለውኛል› አለችኝ። ሰማሽ? ስትመጪ ብለውኛል!»

ቶሚኤ የሟቹ ታላቅ እህት ናት። ሶሄይ ጓሮ ካኪ የሚባለውን የበልግ ፍሬ ሲለቅም ቆይቶ፣ ደከመኝ ብሎ ከመሰላሉ ስር እንደተቀመጠ የቀረ ዕለት፣ ከወደቡ ከተማ በመጨረሻው አውቶብስ መጣች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ በእጇ ነው። ሞት እንዳይነካው የአማልክቱን መደርደሪያ በነጭ ወረቀት የሸፈነችው እሷ፣ ለቀስተኛውን የምታስቀምጠውና የምታስነሳው እሷ፣ ሲወጣ ሞቱ እንዳይከተለው ጨው የምትበትንበት እሷ። ኪኑዮ አልከፋትም። ሰው ሲያዛት እጇ ይሠራል፤ እጇ ሲሠራ ሆዷ ዝም ይላል።

አሁን ግን ዝም አላለም።

እጇን በሽርጧ አድርቃ ወጣች። ሳሎኑን ስታቋርጥ ለቀስተኞቹ ሁለቱም ባንዴ ፍንጃላቸውን አነሱ።

ልጅቷ ደጃፉ ላይ ጃንጥላዋን አጥፋ ቆማለች። ቡናማ ሹራቧ ከሆዷ ላይ ትንሽ ወጣ ብሏል። ዐይኗ ያላረፈ ሰው ዐይን ነው።

«ሺኦሪ እባላለሁ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ስደውል ስልካቸው አልነሳ አለኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ እንጂ ዛሬ መቅረት ስላልቻልኩ...»

«ባለቤቴ አርፏል» አለች ኪኑዮ። በለቅሶው ቀናት ብዙ ጊዜ ስላለችው ቃሉ ካፏ ሳይከብድ ወጣ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ፊቷ ነጣና እጇ ሄዶ ከሆዷ ላይ አረፈ። ኪኑዮ ያንን እጅ አየች። ሶሄይ ስድሳ አራት ዓመቱ ነበር። ሊሆን አይችልም ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ ስንት የማይሆን ነገር ሆኖ እንዳየች አሰበች።

«እንግዲያው ብቻዬን እወጣለሁ» አለች ሺኦሪ። «መንገዱን ካሳዩኝ ይበቃኛል።»

«ወዴት ነው የምትወጪው?»

«ወደ ላይኛው መቅደስ።»

ከበስተኋላ ቶሚኤ ደረሰች። «ዛሬ? አውሎ ነፋሱ ማታ ይገባል እየተባለ? የኔ ልጅ፣ ለሆድሽ እዘኝለት እንጂ።»

«ዛሬ የውሻ ቀን ነው» አለች ሺኦሪ፤ ውሻ ያለ ጭንቅ ይወልዳልና እርጉዝ መቀነቷን የምታስባርከው በዚያ ቀን ነው። «ያለፈው ጊዜ ሥራ በዝቶብኝ አሳለፍኩት። ልጁ... አልቆየም። ዛሬን ካሳለፍኩ ራሴን ይቅር አልልም።» ከዚያ ኪኑዮን ቀና ብላ አየቻት። «ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። ሐኪሙ ገና ትንሽ ነው፣ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል አለኝ። ባሌ መርከብ ላይ ነው። ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ማየት አልቻልኩም።»

ኪኑዮ የሶሄይን የዝናብ ካፖርት ከመስቀያው አወረደች።

«አበድሽ?» ቶሚኤ ክንዷን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተቻት። «የሐዘኑ ሃምሳ ቀን ሳይወጣ ከመቅደስ በር ስር ልታልፊ ነው?»

«አላልፍም። በሩ ድረስ ነው።»

«እሺ በሩ ድረስ። እሷንስ? ሞት የነካው እጅ እርጉዝ አይነካም! አንድ ነገር ብትሆን መንደሩ ምን ይላል? አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አልነካትም» አለች ኪኑዮ።

ቶሚኤ ለቀቀቻት። ከዚያ በጆሮዋ፣ «ማን እንደሆነች ግን ጠይቂያት» አለቻት። «እኔ ብሆን እጠይቃት ነበር።»

መንደሩ ሁለት መቅደስ አለው። የታችኛው የሁሉም ነው፤ አዲስ ዓመቱም በዓሉም እዚያ ይውላል፤ ሶሄይም እንደ ማንኛውም ሰው ይሄድ ነበር። የላይኛው፣ ተራራው ወገብ ላይ ያለው፣ የወላዶች ነው። የመንደሩ ሰው እምብዛም አይወጣውም፤ ከሩቅ ከተማ ልጅ የሚመኙና ልጅ የያዙ ሴቶች ናቸው የሚመጡት። ሶሄይ ከዓሣ ጀልባው ከወረደ በኋላ እነሱን የሚያወጣ መሪ ሆነ።

ኪኑዮ እዚያ አንድ ጊዜ ወጥታለች። ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ያኔ እሷም እንደዚህች ልጅ በአምስተኛ ወሯ፣ ሶሄይ ወገቧን ደግፏት፣ መቀነቷን አስባርካ ወረደች። ካኪው በሚለቀምበት ወር ምጥ ያዛት። ልጁ ወጣ፤ ቤቱ ግን ዝም አለ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አንዳንዴ ሌሊት ይቀሰቅሳታል። ቶሚኤ ነበረች ያዋለደቻት፤ የሆነ ነገር በጨርቅ ጠቅልላ ስትወጣ ጀርባዋን አይታለች። «አትዪው፣ ካየሽው አይለቅሽም» አሏት። ሴት እንደነበረች የሰማችው ከሳምንት በኋላ ነው። ስም ስላልወጣላት ሐዘን አልተቀመጡላትም፤ ለቀስተኛ አልመጣም፤ ሻይ አልተፈላም። ሶሄይ በሁለተኛው ቀን ባሕር ወጣ።

ስለዚህ ከዓመታት በኋላ «የላይኛው መቅደስ መሪ ልሆን ነው» ያላት ጊዜ፣ «ሌላ ተራራ ጠፋ?» ነበር መልሷ። እሱ የጫማውን ማሰሪያ አጥብቆ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ሥራ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እሷን ያቃጠላት ግን እሱ እየወጣ፣ እየወረደ፣ ራቱን በልቶ መተኛቱ ነው። ያ ስፍራ ለእሱ እንደ ማንኛውም ስፍራ መሆኑ ነው።

ዳገቱ የዝግባ ጫካ ውስጥ ይገባል። ዝናቡ ገና ካፊያ ነበር፤ ከላይ ግን ነፋሱ የዛፎቹን ጫፍ እያጋጨ ይጮሃል። ኪኑዮ ከፊት ሆና በየድንጋዩ ላይ ቆም እያለች ዞር ትላለች። ሺኦሪ አንድ እጇን ከሆዷ አታነሳም። አንድ ሥር ላይ እግሯ ሲንሸራተት ኪኑዮ እጇን ዘረጋች፤ መሐል መንገድ ላይ ሰብስባ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ልጅቷ ግንድ ይዛ ቀና አለች።

«ቀስ በዪ የኔ ልጅ። ደረቅ ደረቁን።»

«እሳቸውም ‹ደረቅ ደረቁን› ይሉ ነበር» አለች ሺኦሪ። ሳቅ ልትል ፈልጋ አልመጣላትም።

«ብዙ ጊዜ ነው የመጣሽው?»

«አንድ ጊዜ። አምና፣ ያኛውን ካጣሁ በኋላ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ለመሳደብ ነበር የመጣሁት፣ ያውቃሉ? ላይ ወጥቼ አምላኩን ልሰድብ። እሳቸው ሲያዩኝ ገባቸው መሰለኝ። ‹ጮክ ብለሽ ስደቢ፣ ጆሮው ከባድ ነው› አሉኝ።»

ኪኑዮ ባሏ እንዲህ ሲቀልድ ሰምታ አታውቅም። የቶሚኤ ጥያቄ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አሁን ግን የምትጠይቅበት አፍ አጣች። ሌላ ፍርሃት ደግሞ መጣባት፤ ይህች ልጅ እሷ በሠላሳ ምናምን ዓመት ጋብቻ ያላገኘችውን ሶሄይን በአንድ ቀን አግኝታዋለች።

በሩ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣ። ቀለም ያልተቀባ ዝግባ ነው፤ ሁለት ወፍራም ምሰሶና ከላያቸው አግዳሚ። ከዚያ ወዲያ ጠባቡ የድንጋይ መንገድ ታጥፎ ይጠፋል፤ መቅደሱ አይታይም። ኪኑዮ ከበሩ ፈንጠር ብላ ቆመች።

«እኔ እዚህ ነኝ። አትቆዪ፤ አውቶብሱ እንዳያመልጥሽ።»

«እሳቸውም እዚህ ነበር የሚቆሙት» አለች ሺኦሪ።

«ማ? ሶሄይ?»

«አይገቡም ነበር እኮ። ‹ሐዘን ላይ ነኝ፣ አልችልም፣ አንቺ ግቢ› ይላሉ።»

«የማን ሐዘን?»

ልጅቷ ወደ ኪኑዮ ዞረች። «ለእርስዎ አልነገሩዎትም?» አለችና ደነገጠች። «እኔ... ልመለስና እንነጋገር።» ከበሩ ፊት ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፤ ገባች፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ተሰወረች።

ኪኑዮ ቆመች። ዝናቡ ከካፊያነት አለፈ። አምና ሐዘን ላይ ነኝ ካለ፣ አምና ማን ሞቶበት ነበር? እናቱ ከሞተች ቆይታለች። ዘመድ አልሞተም። የምታውቀውን ሁሉ በሐሳቧ ዞረች። የማታውቀው ሰው ይሆን? ከተማ ውስጥ ሌላ ቤት፣ ሌላ ለቅሶ ነበረው?

ሺኦሪ አልተመለሰችም።

«ልጄ!» ብላ ተጣራች። ነፋሱ ቃሉን ከአፏ ወሰደው። «ሺኦሪ!»

ከወዲያ በኩል አንድ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማች። ሌላ ነገር የለም። ኪኑዮ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ራመደች፤ አግዳሚው ከላይዋ ሲመጣ እግሯ እምቢ አላት። ‹አንድ ነገር ብትሆን አንቺስ ምን ትያለሽ?› ብትገባ ሞትን ይዛ ትገባለች። ባትገባ ደግሞ ልጅቷ እዚያ ወድቃ ሊሆን ይችላል። ያኔም መቀነቱን ካስባረኩላት በኋላ ነው ልጇ የቀረው፤ የዚህች ልጅ ልጅ ደግሞ በእሷ እጅ ቢቀር?

ያኔ ነው መንገዱን ያየችው። ከግራው ምሰሶ ውጭ፣ ፈርን በሚባለው የጫካ ቅጠል መሐል፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን ዱካ አለ። አፈሩ ጠንክሯል፤ ፈርኑ ግራና ቀኝ ተገፍቶ እንደዚያው አድጓል። የአንድ ቀን ወይም የአንድ ዓመት እግር አይደለም ይህን የሠራው። ዱካው በሩን ዞሮ ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያበቃል። ኪኑዮ እዚያ ድረስ ሄደች። ከድንጋዩ ላይ የመቅደሱ ደረጃ በዛፎቹ መሐል ይታያል፤ ከሌላ ከየትም አይታይም። ሰው ከበሩ ሳይገባ፣ የገባችው ሴት በደህና መድረሷን የሚጠብቅበት ቦታ ነው።

ሺኦሪ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። አልወደቀችም። ነጭ መቀነቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ምንም አትንቀሳቀስም። ዝናቡ ጸጉሯ ላይ ይወርዳል።

ኪኑዮ ከድንጋዩ ወረደች፤ ከበሩ ስር ሳይሆን ከጎን፣ ፈርኑን እየሰነጠቀች፣ ግቢው ውስጥ ገባች። ለማን እንደሆነ ሳታውቅ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ትላለች።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ይንቀሳቀሳል ብዬ...» ሺኦሪ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። «ከተነሳሁ ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁ። መነሳት አቃተኝ።»

«በብርድ እያለቅሽ ነው። ተነሺ።»

«መቀነቱን ብቻዬን ማሰር አልችልም። እርስዎ ያስሩልኝ።»

«እኔ አይሆንም። ሐዘንተኛ ነኝ፤ እጄ...»

«እሳቸውም እንዲህ ነበር የሚሉት» አለች ሺኦሪ፤ አሁን ማልቀስ ጀመረች። «ስሰድብ፣ ሳለቅስ ቆይቼ ስወጣ ያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። የማን ሐዘን ነው ስላቸው ‹የልጄ› አሉኝ። ‹ስም አልወጣላትም ተብሎ ሐዘን ሳንቀመጥ ቀረን። ያልተጀመረ ሐዘን ደግሞ በስንተኛው ቀን ይወጣል? ስለዚህ አልገባም› አሉ። ‹ጸጉሯ ብዙ ነበር። እርጥብ፣ ጥቁር፣ እስከ ጆሮዋ። እናቷ አላየችውም› አሉኝ። ‹ልነግራት ስሞክር አፌ ይታሰራል፤ እዚህ ለሰው አወራዋለሁ፣ ቤት ስገባ ይጠፋኛል› አሉኝ።»

ኪኑዮ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጸጉር። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ያ ጨርቅ ውስጥ ያለውን ፊት ስታስብ ዐይንና አፍ ሰጥታው ታውቃለች፤ ጸጉር መስጠት ግን አልመጣላትም ነበር። ለካ ጸጉር ነበራት። እስከ ጆሮዋ።

ሺኦሪ ስታስነጥስ ነቃች።

«ተነሺ» አለቻት። «ሹራብሽን ከፍ አድርጊው።»

እጇ ቢቀዘቅዝም ልጅቷ አልሸሸችም። ኪኑዮ መቀነቱን ከሆዷ ስር አዙራ፣ ሳታጠብቅ፣ አንዴ፣ ሁለቴ ጠመጠመችው፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጠችው። ያኔ እንዴት እንደታሰረላት እጇ አልረሳውም። ከዚያ የሶሄይን ካፖርት አውልቃ አለበሰቻት። ሺኦሪ በበሩ ስር፣ ኪኑዮ በዱካው፣ ወጥተው ማዶ ተገናኙና እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ። አሁን ደረቅ ደረቁን የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ጭቃ ነው። አንዴ ሁለቱም በቂጣቸው ሊወርዱ ነበር፤ ኪኑዮ በአንድ እጇ የቀርከሃ ግንድ ይዛ ደገፈቻት፤ እስከ መንገዱ ድረስም አልለቀቀቻትም።

አውቶብሱ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ በመስኮት፣ «እናንተ ሴቶች፣ ነፋሱ ከኔ በፊት ሊሄድ ነው!» ይላል።

ሺኦሪ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ቆመች። አልገባችም። ዐይኗ ፈጠጠ።

«ምንድን ነው?» አለች ኪኑዮ።

ልጅቷ የኪኑዮን እጅ ጎትታ ከመቀነቱ በላይ አስቀመጠችው። «ይኸው! ይኸው ደግሞ! ተሰማዎት?»

ኪኑዮ መዳፏን ጫን አደረገች። ሙቀት ተሰማት፤ የመቀነቱ ሻካራነት ተሰማት። ሌላ ምንም አልተሰማትም። የልጅቷን ፊት ግን አየች።

«ተሰማኝ» አለች።

ቤት ስትደርስ ለቀስተኞቹ ነፋሱን ፈርተው ሄደዋል። ቶሚኤ ደጃፉ ላይ ጨው ይዛ ትጠብቃለች። ትከሻዋ ላይ ደህና አድርጋ በተነችባት፤ ከዚያ ጭቃዋን፣ ካፖርቱ አለመኖሩን፣ ባዶ እጇን አየች።

«ነካሻት።»

«ነካኋት።»

«ገባሽ?»

«ገባሁ፤ በጎን። ልጁ ተንቀሳቅሷል፣ እትዬ። ደህና ናት፤ አውቶብሱ ይዟት ሄዷል።»

ቶሚኤ ልትቆጣ አየር ስባ ሳትቆጣ አስወጣችው። «እና ማን ናት?»

«እንግዳ ናት። ሶሄይ ያወጣት እንግዳ።» ኪኑዮ ጫማዋን እያወለቀች ጎንበስ እንዳለች ቀረች። «እትዬ፣ ጸጉር ነበራት አሉኝ። ልጄ።»

ቶሚኤ የጨው ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ጣቷን የምትቀስርበት፣ የምታዝበት፣ የምትከለክልበት ነገር ብትፈልግ የለም። ከኪኑዮ ጎን መድረኩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ጮኸ።

«ነበራት» አለች። «እኔ ነኝ ያጠብኩት። አትዪው ያልኩሽም እኔ ነኝ። ያኔ እንዲያ ነበር የሚባለው።»

«እንዴት ያለ ነበር?»

ቶሚኤ ለመናገር ሞከረች፤ እንደ ወንድሟ አፏ ታሰረ። የኪኑዮን ቀኝ እጅ ወስዳ መዳፏን ገለጠች። በጣቷ ጫፍ፣ መሐል መዳፏ ላይ፣ ወደ ግራ የሚዞር ትንሽ ክብ አዞረች፤ ከዚያ እንደገና፣ እያሰፋች።

«አናቷ ላይ» አለች። «እንዲህ ነበር የሚዞረው።»

ኪኑዮ መዳፏን ጨበጠች።

በሩ ተንኳኳ። ከማዶ ሰፈር የመጡ ለቀስተኞች ናቸው፤ ነፋሱ ሳይብስ ደርሰው ሊመለሱ። ቶሚኤ ልትነሳ ስትል ኪኑዮ ቀደመቻት። ቀኝ እጇን እንደጨበጠች ደረቷ ላይ ይዛ፣ በግራዋ በሩን ገፋች፤ «ግቡ፣ ግቡ፣ ረጠባችሁ» አለቻቸው።